ሰውዬው ማንን ነው የሚያየው

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጥርስ ሐኪሙ በሽተኛ አይቀበልም፤ የሚቀበለው እኛን ነው። የማቆያ ክፍሉን የላስቲክ ወንበሮች ወደ ግድግዳ ያስጠጋል፤ ለሁለት ተሰንጥቆ ነርቩ ከሚታየው የመንጋጋ ጥርስ ሥዕል ሥር ገመድ ይወጥራል፤ ፎቶዎቻችንን በልብስ መቆንጠጫ ይሰቅላል። ከዚያ እጆቹን ወደኋላ አጣምሮ ትንሽ ይንጎራደድና ከአንዱ ፎቶ ፊት ቆሞ «ይናገራል!» ይላል። ወደ ቀጣዩ ያልፋል። «ይሄም ይናገራል!» በዚያ ቤት በሥራ ቀን ሰው አፉን ከፍቶ ቃል አይወጣውም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወረቀቱ ሁሉ ምላስ ያወጣል።

«የምስል ወዳጆች» እንባላለን። ወዳጅነታችን ያየነውን ሁሉ መውደድ ነው። ለመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ማንኛውም ፎቶ «ነፍስ አለው»፤ ነፍሱ የተሰማትን ቦታ ስታሳይ ጣቷን የምታሳርፈው የቃር ኪኒን የምትሸጥለት ቦታ ላይ ነው። ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር ደግሞ ከሸለብታቸው ሲነቁ ዓይናቸው መጀመሪያ ያረፈበትን ፎቶ «ዘመን ተሻጋሪ» ይሉታል። አንድ ቀን ዘመን ተሻጋሪ ያሉት፣ ሐኪሙ የፈነዳ የፍሳሽ ቱቦውን ለጥገና ሠራተኛ ለማሳየት አንስቶት በስህተት ከሌሎቹ ጋር የተሰቀለውን ነበር። ማንም አላረማቸውም። ሐኪሙም ራሱ ራቅ ብሎ አየውና ተስማማ።

ደንብም አለን። ሐኪሙ የሆነ ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ «ገንቢ አስተያየት» የሚባል ነገር ይዞ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማቆያ ክፍሉ ውስጥ «ግን» ማለት ተከለከለ። አንድ ሰው «ግን» ካለ ሐኪሙ የሻይ ብርጭቆውን በማንኪያ ቃ! ያደርገዋል፤ ሁሉም ይስቃል፤ ያ ሰው መጨረሻ ላይ የሁሉንም ብርጭቆ ያጥባል። ያ ሰው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ በሽተኞች የሚተፉባት ትንሽ ገንዳ አለች፤ እሷና እኔ በደንብ እንተዋወቃለን።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ፍሬም ቤት ተቀጥሬያለሁ። መስታወት እቆርጣለሁ፣ ካርቶን እለካለሁ፣ ሚስማር እመታለሁ። የሰፈሩ ፎቶ ሁሉ በእጄ ያልፋል፦ ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ኬክ ፊት የሚያለቅሰው ሕፃን። ብቻዬን ስለምውል ከፎቶዎቹ ጋር አወራለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ስድብ ነው። በልቤ ግን ሌላ ፎቶ አለ፤ ማንም ያላነሳው፣ እኔም የማላነሳው፣ መስታወት እየቆረጥኩ የማየው። ከእሱ ጋር ሳስተያየው የሰው ፎቶ ሁሉ ውሃ የበዛበት ሾርባ ይሆንብኛል። ማኅበሩ ውስጥ «ኮምጣጤ» የሚል ስም ያወጡልኝ ለዚህ ነው። ስሙን አልጠላሁትም። እንዲያውም ማዕረግ መስሎኝ ነበር።

ወደ ማኅበሩ ያስገባኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ካሜራ የገዛው አምና ነው፤ ከገዛ በኋላ በየዕረፍቱ ከሚስቱ ጋር ይወጣ ነበር። እሷ ነጭ የአልጋ አንሶላ በሁለት እጇ ወጥራ ከጎኑ ትቆማለች፤ ብርሃኑ አንሶላው ላይ አርፎ ወደሚነሳው ሰው ፊት ይመለሳል፤ እሱ ያነሳል። ሥራ ስለ መልቀቅ ማውራት ከጀመረ ወዲህ «ከእኔም ከአንሶላዬም ራስ ላይ ውረድ» ብላው ቀርታለች። አሁን ብቻውን ነው የሚወጣው።

በዚያ ቅዳሜ የሰቀለው ጋዜጣ ሻጯን ነበር። ሴትየዋ ጋዜጦቹን ደረቷ ላይ አቅፋ ፍጥጥ ብላ ታያለች።

«ይናገራል!» አለ ሐኪሙ።

«ነፍስ አለው» አለች ባለ መድኃኒት ቤቷ፣ ጣቷ ቃሯ ላይ።

መምህሩ ቀና አሉ። «ዘመን…» ብለው ጀመሩና የቀረውን በእጃቸው ጨረሱት።

«ግን ሴትየዋ ሬሳ ነው የምትመስለው» አልኩ እኔ። «ቆሻሻ ፎቶ ነው።»

ቃ! ሳቁ። ወንድሜም አብሮ ሳቀ፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ወንድሜ ነው፣ ቻሉት» አላቸው። ከዚያ ብድግ አለ። ፊቱ በርቷል፤ ፈተና ያለፈ ልጅ ይመስላል።

«ዶክተር፣ የነገሩኝን አስቤበታለሁ» አለ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ምርጥ ምርጡን እሰቅላለሁ። ከዚያ ሰኞ ዕለት የአውቶቡሱን ቁልፍ አስረክባለሁ። ፎቶ ቤት እከፍታለሁ።»

ጭብጨባው ማሰሪያ አልነበረውም። ሐኪሙ አቀፈው። «ወንድሜ፣ እንዲህ ዓይነት ዓይን ያለው ሰው መሪ ይዞ ሲዞር መዋል ግፍ ነው!» አለ። ግፉ የታየው ሰው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ ይኖራል። የእኛ ቤት የአውቶቡስ ድርጅቱ ነው፤ ለሾፌር የተሰጠ። ቁልፉን ያስረከበ ሾፌር የአውቶቡሱን ብቻ አይደለም የሚያስረክበው፤ ወንድሜ፣ ሚስቱና እኔ የምናድርባቸው ክፍሎችም አብረው ይሄዳሉ። ይህን ከሚያጨበጭቡት መካከል አንድም የጠየቀ የለም። እኔ ብርጭቆ ላጥብ ሄድኩ።

እቤት ስንደርስ የወንድሜ ሚስት ግቢው ውስጥ ፎጣ ታሰጣለች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ የሥራ ቦታዋን ፎጣ እቤት አምጥታ ነው የምታጥበው። ወንድሜ ገና በሩን ሳያልፍ ነገራት። አልጮኸችም። የያዘችውን ፎጣ አንዴ በአየር ላይ አራገፈችው፤ ጥፊ የመሰለ ድምፅ ወጣው።

«ጥሩ» አለች። «ቤቱን ስታስረክብ እኛን አስወጥተህ ነው ወይስ ከነዕቃው?»

«ሰው ሁሉ እኮ ነው የሚለው! ሐኪሙ፣ መምህሩ…»

«ሐኪሙ ቤት አለው።»

ወንድሜ ተነፋፍቶ ገባ። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ኮምጣጤ፣ ና ይቺን ጫፍ ያዝ።»

እርጥቡን ፎጣ ከሁለት ጫፍ ይዘን ጠመዘዝነው።

«ፎቶዎቹ ጥሩ ናቸው?» አለችኝ።

«ቆሻሻ ናቸው፣ እትዬ።»

«ነግረኸዋል?»

«ዛሬም ነገርኩት። የማልነግረው መቼ ነው?»

«እሱማ። የሠርጌን ፎቶ ምን ነበር ያልከው?»

ፎጣውን አጥብቄ ጠመዘዝኩ።

«ተናገር እንጂ፣ ምላስህን ሐኪሙ ነቀለው?»

«ተደጋግፈው የቆሙ ጆንያዎች።»

«የአለቃህን ልጅ የምርቃት ፎቶስ?»

«መጋረጃ የለበሰ ምሰሶ።»

«ታዲያ ምን ብሎ ይስማህ?» ፎጣውን ከእጄ መነጨቀችው። «እነዚያ ቅቤ ይቀባሉ፤ አንተ አመድ ትነሰንሳለህ፤ ከሥር ያለውን ያየ ከሁላችሁም አንድ የለም። እኔ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ሴት ‹ፀጉሬ እንዴት ነው?› ትለኛለች። ‹ያስጠላል› ብላት ተነስታ ትሄዳለች። ‹ያምራል› ብላትም የሚያስጠላውን ተሸክማ ትሄዳለች። ‹ከግራ ጆሮሽ በላይ ተቃጥሏል፣ የካስኩን ሙቀት አብዝተሽበታል› ስላት ግን ቁጭ ብላ ታዳምጠኛለች። ለምን ይመስልሃል?»

«ስላየሽው።»

«አቤት ጉብዝና!» አለች። «በል ከአንዱ ፎቶ ላይ አንድ ነገር አምጣ። ሌላ ፎቶ ላይ ቢነገር ውሸት የሚሆን ነገር። ያን ጊዜ ምናልባት ይሰማሃል። ካልሆነ ሰኞ አልጋህን ተሸክመህ የምትሄድበትን ከአሁኑ ፈልግ።»

ተናደድኩ። በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ የመረጣቸውን ፎቶዎች ፍሬም ቤት አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣላቸው፤ ለቅዳሜ ካርቶን እንድለጥፍላቸው ነው። «እንዳታቆሽሽብኝ» አለኝና ወደ አውቶቡሱ ሮጠ። እኔም ለሚስቱ ልኳን የሚያሳያት ትንታኔ አዘጋጅቼ አፏን ላስይዛት ቆርጬ ተቀመጥኩ።

ጋዜጣ ሻጯን አነሳሁ። «የሞተ ፎቶ» አልኩ። ይሄ ለሌላውም ይሆናል። «ድርቅ ያለ»፤ ይሄም ይሆናል። «ጨው የሌለው»፣ «የመታወቂያ ፎቶ»፣ «ባዶ»። ያለኝን ስድብ ሁሉ አሟጥጬ አወጣሁ፤ አንዱም ከዚያ ወረቀት ጋር አይጣበቅም፤ ለፈለጉት ራስ የሚሆን ቆብ ነው። የአለቃዬን ልጅ የምርቃት ፎቶ ከጎኑ አስቀምጬ ስድቦቹን ደገምኳቸው፤ በትክክል ሆኑ። ከሐኪሙ «ይናገራል» በምን እንደሚለዩ ጠፋኝ። ከዚያ ሐኪም ጋር በአንድ ገመድ መሰቀል እንዴት እንደሚያስጠላ የማውቀው እኔ ነኝ።

እኛ ፍሬም ቤት ውስጥ የክፈፉን ልክ የምንሞክርባቸው የማዕዘን ቅርፅ ያላቸው ካርቶኖች አሉን፤ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርገህ ስታንሸራትታቸው ፎቶው የፈለግከው ያህል ብቻ ይታያል። በንዴት ጋዜጣ ሻጯን ማጥበብ ጀመርኩ። ጋዜጣውን ሸፈንኩ፤ አንገቷን ሸፈንኩ፤ ዓይኖቿ ብቻ ቀሩ። ቀጥታ ወደ እኔ ያያሉ፤ ፍርድ ቤት የቆመ ሰው ዳኛን እንደሚያይ። የሚቀጥለውን አነሳሁ፦ ጫማ ሰፊው። እሱም ዳኛ ነው የሚያየው። ቀጣዩ አሮጌ ፎቶ ነበር፤ አትክልት የምትሸጥ ሴት። ዓይኖቿ ብቻ እስኪቀሩ አጠበብኩት።

እኔን አታየኝም። ከእኔ አለፍ ብላ፣ በካሜራው ግራ በኩል ያለ ሰው ነው የምታየው። ዓይኗ ጥግ ላይ ቆዳው ተሰብስቧል፤ ልትስቅ ነው። ካርቶኖቹን ወደ ኋላ ሳብኳቸው። አዎ፣ እጇ ወደ አፏ እየሄደ ነው፤ ገና አልደረሰም። በዚያው በኩል ያለው ጉንጯ ላይ ደግሞ ለስላሳ ብርሃን አለ፤ ከፀሐይ የመጣ አይደለም፤ ፀሐይዋ በሌላ በኩል ናት።

ፎቶዎቹን በሁለት ከፈልኳቸው። በአንድ በኩል ዳኛ የሚያዩት፤ በሌላ በኩል ከካሜራው አልፈው የሚያዩት። ካሜራውን አልፈው የሚያዩት ሁሉ ያ ብርሃን ጉንጫቸው ላይ አለ፤ ሁሉም አፋቸው አንድ ነገር ሊል ነው። ዳኛ የሚያዩት ሁሉ አዲሶቹ ናቸው። አንሶላዋን ይዛ ከጎኑ የምትቆመው ሴት በየፎቶው ውስጥ ነበረች፤ የማትታየው እሷ ብቻ ናት። ደንበኛን ወንበር ላይ አስቀምጦ ማስለፍለፍ የዕለት ሥራዋ ነው። ማኅበሩ በአሮጌዎቹም በአዲሶቹም ላይ እኩል አጨብጭቧል። እንዲያውም ካሰብኩት፣ ለአዲሶቹ ጮክ ብሎ ነው።

በምሳ ሰዓት ፎቶዎቹን ይዤ ወደ መጨረሻው ፌርማታ ሄድኩ። ወንድሜ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ በመሪው ላይ እግሩን ሰቅሎ ሻይ ይጠጣል።

«ካርቶኑ አለቀ እንዳትለኝ» አለ።

«ጋሼ፣ ይቺን እያት።» ባለ አትክልቷን ሰጠሁት።

«ምን ሆነች? ቆሻሻ ናት?»

«ማንን ነው የምታየው?»

«እኔን ነዋ! ካሜራ ይዤ የቆምኩት እኔ አይደለሁም?»

«አንተን ብታይ ዓይኗ እዚህ ይሆን ነበር።» ጋዜጣ ሻጯን ከጎኗ አስቀመጥኩ። «ይቺ ናት አንተን ያየችው። አንተን ስታይ ምን እንደሆነች ተመልከት።»

ሻይውን አስቀመጠ። አየ። ተራ በተራ ሰጠሁት፤ የሰውየውን ዓይንና የጉንጩን ብርሃን በጣቴ ብቻ አሳየሁት። ግማሽ ላይ ሲደርስ ገባው፤ ጆሮው ቀላ።

«እሷ ናት የላከችህ።»

«አንድ ነገር አምጣ ነው ያለችኝ። ምን እንደማመጣ አታውቅም።»

«ስለዚህ እኔ ምንም አይደለሁም! እሷ ታስቃለች፣ እኔ ቁልፍ እጫናለሁ! ጦጣም ይጫናል!»

እዚህ ላይ የወትሮዬን ብመልስለት ይቀለኝ ነበር፤ ጦጣን የሚመለከት ነገር አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን ባለ አትክልቷ እጄ ላይ ነበረች።

«እጇን እየው» አልኩት። «አፏን ልትሸፍን ነው፤ አልደረሰም። አንተ ትንሽ ብትዘገይ ጣቷን ብቻ ነበር የምታነሳው፤ ብትቸኩል ደግሞ ገና ሳቁ አልመጣም። እዚህች ላይ የጫንከው አንተ ነህ። ጦጣ አይደለም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከእኔ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ስለማያውቅ የማሾፍበት መስሎታል፤ ፊቴ ላይ ሹፈቱን ፈለገ፤ አጣው። ይህ ይበልጥ አናደደው። ፎቶዎቹን ሰብስቦ ነጠቀኝ።

«ውረድ። ልነሳ ነው።»

ከዚያ እስከ ቅዳሜ አላናገረኝም። ሚስቱንም አላናገራትም። ገበታ ላይ እሷ አንዳንዴ ወደ እኔ ቅንድቧን ከፍ ታደርጋለች፤ እኔ ትከሻዬን እሰብቃለሁ።

ቅዳሜ ሐኪሙ ክፍሉን አስጊጦታል፤ የጥርሱን ሥዕል ሳይቀር አቧራውን አራግፏል። ረጅም ገመድ ወጥሯል። ወንድሜ ግን የሰቀለው ሁለት ፎቶ ብቻ ነው፤ ሁለቱም የአውቶቡስ ማደሪያው ዘበኛ ናቸው። ያው ሰውዬ፣ ያው ካፖርት፣ ያው የብረት በር። አንዱን አውቀዋለሁ፤ ሚስቱ ሳትቀር የተነሳ ነው። ሌላውን አይቼው አላውቅም። ቀለሙ ትኩስ ነው፤ እኔን ውሸታም ሊያደርገኝ በዚያው ሳምንት ሄዶ ብቻውን ያነሳው መሆኑ ገባኝ። አሮጌው ላይ ዘበኛው ቆቡን ወደ ኋላ ገፍቶ ለሆነ ሰው መልስ ሊመልስ ነው። አዲሱ ላይ ካፖርቱ ጥሩ ወጥቷል።

«ሁለቱም ይናገራሉ!» አለ ሐኪሙ።

«መንታ ነፍስ!» አለች ባለ መድኃኒት ቤቷ፤ በአንድ ጣት አልበቃት ብሎ ሁለቱን ጫነች።

«የትኛው ይሻላል?» አለ ወንድሜ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚያ ክፍል ተጠይቆ አያውቅም። ሐኪሙ የታመመ ጥርሱን የተነካ ያህል ሽምቅቅ አለ። «እኛ እኮ ወንድሜ፣ ማበላለጥ የሚባል ነገር… እያንዳንዱ በራሱ መንገድ…»

«እሺ፣ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

ባለ መድኃኒት ቤቷ ተጠጋች፤ መነጽሯን አደረገች፤ አወለቀች። «በዚህኛው በሩ ትንሽ… አይ፣ ያው ነው።»

«ዘበኛው ማንን ነው የሚያየው?» ወንድሜ ጣቱን በአሮጌው ፎቶ ላይ አደረገ።

መምህሩ ነቁ። ፎቶውን አዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መጪውን ትውልድ» አሉ።

«እሰይ!» አለ ሐኪሙ፣ ትልቅ ሸክም ወርዶለት። አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

«ሚስቴን ነው» አለ ወንድሜ።

ጭብጨባው እንደ ተቆረጠ ውሃ ጠብ ጠብ ብሎ ቆመ።

«ሚስቴን ነው የሚያየው። እዚህ ጋ ቆማ ‹ካፖርቱን ከተወለድክ ጀምሮ ነው የለበስከው?› ብላው ነው። ይሄኛውን ብቻዬን አነሳሁት። ዶክተር፣ በፎቶ ቤት ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እኔን ነው የሚያየው። አላወቅኩም ነበር። እናንተም አላወቃችሁም። ማንሳቱን እችላለሁ፤ ጊዜውን አውቃለሁ፤ ግን…»

ቃ! አለ የሐኪሙ ማንኪያ፤ እጁ ከልማድ ብዛት ከራሱ ቀድሞ። ማንም አልሳቀም።

«ግን» አለ ወንድሜ ደግሞ፣ ማንኪያውን እያየ፣ «ይሄኛው ቆሻሻ ነው። ለምን ቆሻሻ እንደሆነ ነገርኳችሁ። በዚህ ፎቶ ፎቶ ቤት አይከፈትም።»

ከመቆንጠጫው ሁለቱንም አወረዳቸው። ሐኪሙ ገንቢ የሆነ ነገር ፍለጋ አፉን ከፈተ፤ ከራሱ በሽተኞች የተማረ ይመስል እንደተከፈተ ቀረ። መጨረሻ ላይ «ቅንነትህ… ይናገራል» አለ። እንደዚህ ዓይነት ሰው መንጋጋ ሲነቅልም የትኛውን እንደሚነቅል እርግጠኛ አይደለሁም።

ብርጭቆዎቹን ሰብስበን ወደ ኮሪደሩ ሄድን። በሕግ ተራው የወንድሜ ነበር፤ ቢሆንም እጄ ለምዶታልና እኔ አጠብኩ፤ እሱ አደረቀ። ትንሿ ገንዳ ለሁለት ስለምትጠብ ክርናችን ይጋጫል።

«ሰኞ ጠዋት ተረኛ ነኝ» አለ፣ ወደ እኔ ሳይዞር።

«እሺ ጋሼ።»

«እሷ አንሶላዋን ይዛ እንድትመጣ የሚለምናት ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። አንተ እንዳትነግራት። ተንበርክኬ ነው የማናግራት።»

«ስትንበረከክ ጆንያ ትመስላለህ።»

ሳቀ። ያጠብኩትን ብርጭቆ ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ አዟዟረው፤ ዓይኑን አጨንቁሮ ቆየ።

«ይቺ አልጠራችም» አለኝ።

«የት ላይ?»

«እዚህ። ከጠርዟ ሥር፣ ባለ መድኃኒት ቤቷ የጠጣችበት በኩል፣ የከንፈር ቀለም ቀርቷል።»

አየሁት። እውነቱን ነው። ተቀበልኩትና እንደገና አጠብኩ።